«የሂተር ጥገና በተከራይ ወጪ» የሚል ውል ፈርሜያለሁ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብራይትውድ አካባቢ ቤዝመንት ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ። አከራዬ የአገሬ ሰው ናቸው፤ እንደ አባት ነው የማያቸው። ውላችን «የሂተርና የኤሲ ጥገና በተከራይ ወጪ ይሆናል» ይላል። ጥር ላይ ፈርነሱ (ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን) ቆመ። በራሴ ገንዘብ ባለሙያ ጠራሁ። «ሂት ኤክስቼንጀሩ (የቃጠሎውን ጭስ ከቤቱ አየር የሚለየው ብረት) ተሰንጥቋል» ብሎ ቀይ ወረቀት ለጠፈበትና ወደ ፈርነሱ የሚሄደውን ጋዝ ዘጋው። አከራዬ «አምና ደህና ይሠራ ነበር፤ አዲስ ከተፈለገ ግማሹን አዋጪ፣ አለዚያ ኪራይ እጨምራለሁ» አሉኝ። ቤቱን በኤሌክትሪክ ማሞቂያና በኦቨን እያሞቅሁ ነው። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከሕጉ በፊት አንድ ነገር። ኦቨኑን ያጥፉ። የተሰነጠቀ ሂት ኤክስቼንጀር ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ሊለቅ ይችላል። ሽታ የለውም፣ ተኝተው ሳሉ ይገድላል። ቤት ለማሞቅ ተከፍቶ የሚተው የጋዝ ኦቨንም ያው አደጋ አለው። አከራይዎ «ፈርነሱን መልሰሽ አብሪው» ቢሉ እሺ እንዳይሉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም መኖሩንና መሥራቱን ዛሬውኑ ይዩ። ቀይዋን ወረቀት አይንኳት፤ ፎቶ ያንሷት። ከእርስዎ ማስረጃዎች ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት።

አሁን ወደ ውሉ። የዲሲ የቤቶች ደንብ ማሞቂያውን አሟልቶ የማቅረብና በደህና ይዞታ የማቆየት ግዴታን የጣለው በባለቤቱ ላይ ነው። ይህን ግዴታ የሚቃረን ወይም ተከራይ መብቱን እንዲተው የሚያደርግ የውል አንቀጽ ፈራሽ ነው። ስለዚህ ፈርነስ የመጠገኑም ሆነ የመቀየሩ ወጪ በፊርማዎ ምክንያት ወደ እርስዎ አይዞርም። ግማሹንም አያዋጡም።

ደንቡ በቁጥር ጭምር ተናግሯል። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ቤቱ ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ከዚያ እስከ ንጋት 65 መሞቅ አለበት። አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር ይግዙና ሰዓቱ አብሮ እንዲታይ አድርገው ጠዋትና ማታ ፎቶ ያንሱ። «በጣም ይበርደን ነበር» ከማለት «ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 54 ነበር» ማለት ይሻላል።

ተከራይም ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። በዕቃ የዘጉት የአየር መውጫ ወይም በእርስዎ ጥፋት የተሰበረ ቴርሞስታት የእርስዎ ዕዳ ነው። ፊልተር መቀየር በውል ለተከራይ ቢሰጥ እኔ አልከራከርበትም፤ ጥቂት ዶላር ነው፣ ልኩም ጠርዙ ላይ ተጽፏል። የተሰነጠቀ ብረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ኪራይ ማቆምን በተመለከተ፦ በ1970 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጃቪንስ ጉዳይ ላይ ትልቅ ውሳኔ ሰጥቷል። ባለቤቱንና ተከራዮቹን ከሳሽና ተከሳሽ ያደረጋቸው እዚሁ ዲሲ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው የክሊፍተን ቴራስ ሕንፃ ነበር። ፍርድ ቤቱ የተከራይ ኪራይ የመክፈል ግዴታ አከራዩ ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ ከማቆየቱ ጋር የተሳሰረ ነው አለ። ይህ መብት ዛሬም አለ። ቢሆንም በችኮላ አይጠቀሙበት። አከራይ ላልተከፈለ ኪራይ ከከሰሰ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ገንዘቡን በየወሩ ለፍርድ ቤት እንዲያስገቡ ሊታዘዙ ይችላሉ። ያቆሙትን ኪራይ ለመብራት ሂሳብ ያጠፋ ሰው እዚያ ላይ ይጨነቃል። እኔ የምመርጠው ኪራዩን እየከፈሉ ቀጥሎ ባለው መንገድ መሄድን ነው።

ዛሬ ማታ ለአከራይዎ በጽሑፍ ያሳውቁ። ቴክስትም ይበቃል፦ ፈርነሱ መቼ እንደቆመ፣ ባለሙያው ምን እንዳለ፣ በአስቸኳይ እንዲሠራ እንደሚጠይቁ። አክብሮቱን አይተዉ፣ «ጋሼ» ብለው ይጀምሩ። ግን ይጻፉ። ቡና ላይ የተነገረ ቃል ፍርድ ቤት ሲደርስ «አልሰማሁም» ይሆናል። ካልሠሩ 311 (የከተማው አገልግሎት መስመር) ደውለው የሕንፃዎች መምሪያ ኢንስፔክተር እንዲልክ ይጠይቁ። በብርድ ወራት ማሞቂያ ማጣት በአስቸኳይ ጉዳይነት ነው የሚታየው። አማርኛ በ2004ቱ የዲሲ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከተካተቱት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ አስተርጓሚ በነጻ ያገኛሉ፤ ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው አያስተርጉሙ።

ያም ካልሠራ በዲሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቤት ለማስጠገን ብቻ የሚቀርብ አቤቱታ የሚታይበት ችሎት አለ። ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል። እዚያ ዳኛው ጥገና ያዛሉ እንጂ ገንዘብ አያስከፍሉም። ለባለሙያው የከፈሉትንና ቤቱ ሳይሞቅ ከከፈሉት ኪራይ የሚገባዎትን ለማስመለስ እስከ 10,000 ዶላር የሚያየው የአነስተኛ ክሶች ችሎት ይሻላል። ደረሰኝ አይጣሉ።

የኪራይ ጭማሪው ዛቻ ብዙም አያስፈራኝም። ተከራይ ጥገና ጠይቆ ወይም አቤት ብሎ በስድስት ወር ውስጥ አከራይ ኪራይ ቢጨምር ወይም ልቀቂ ቢል፣ ሕጉ እንደ በቀል ይገምተዋል፤ አይደለም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የአከራዩ ነው። ቤቱ በኪራይ ቁጥጥር (የኪራይ ጭማሪን የሚገድበው ሕግ) ሥር ከሆነ ደግሞ የአዲስ ፈርነስ ወጪ ያለ መንግሥት ፈቃድ ኪራይ ላይ አይጨመርም። ከአራት የማይበልጡ የሚከራዩ ቤቶች ያሏቸው ግለሰብ አከራዮች ከቁጥጥሩ ነጻ መሆን ይችላሉ፤ ግን ይህንኑ ማስመዝገብ አለባቸው፣ የማከራየት ፈቃድም ያስፈልጋቸዋል። ብዙ የቤዝመንት አከራዮች እዚህ ላይ ነው የሚሰናከሉት። ቁልፍ ቢቀይሩብዎት ደግሞ ወንጀለኛዋ እርስዎ አይደሉም፦ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስወጣት በዲሲ ክልክል ነው።

አከራይዎ «ርካሽ የሚሠራ የማውቀው ልጅ አለ» ሊሉ ይችላሉ። ፈርነስ መቀየር ፐርሚትና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጠይቃል። ፐርሚቱን አሳዩኝ ማለት ድፍረት አይደለም።

ኤሲው ትንሽ ይለያል። አከራይ ኤሲ እንዲያስገባ ሕጉ አያስገድድም። ካቀረበ ግን መጠገን አለበት፤ በበጋ ቤቱን ከውጭው ቢያንስ በ15 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ወይም 78 ላይ ማቆየት ይጠበቅበታል።

ይህ ሁሉ የዲሲ ሕግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያላችሁ አንባቢዎች እንዳለ አትውሰዱት። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለጥገና ሲባል ኪራይ የሚያዘው ለፍርድ ቤት በማስገባት ነው፤ ቅድመ ሁኔታዎቹም የተለዩ ናቸው።