ከወንበር ሥር ያለውን ባዶ ቦታ በጀሶ ማውጣት

ጥያቄ፦ እንግሊዛዊቷ ቀራፂ ሬቸል ዋይትሪድ ከወንበሮች ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ወደ ቅርፅ የለወጠችበትን ሥራ በፎቶ አየሁ። እኔም በሟች አያቴ ወንበር በጀሶ ሞከርኩ። ጀሶው ከእንጨቱ ጋር ተጣበቀ፤ ሳላቅቀውም ጥጉ ተሰበረ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ያዩት እ.ኤ.አ. የ1995 ሥራዋ ሲሆን የተሠራው በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ በሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ነው። በጀሶ የሠራቻቸው ቀደም ያሉት ናቸው፤ በ1988 የቁም ሣጥን ውስጠኛ ባዶ ቦታ፣ በ1990 ደግሞ ሰሜን ለንደን የሚገኝ የአንድ ሙሉ ክፍል ውስጠኛ ባዶ ቦታ። በክፍሉ ቅርፅ ላይ የምድጃው ጥላሸት ሳይቀር ወደ ጀሶው ተላልፎ ይታያል።

የእርስዎ የተጣበቀው ደረቅ እንጨት የጀሶውን ውሃ ስለሚመጥ ነው። እንጨቱ ያብጣል፤ ጀሶውም በስንጥቆቹ ገብቶ ይጠነክራል። ቫዝሊን በጨርቅ ይቀቡትና በሌላ ንጹሕ ጨርቅ መልሰው ይጥረጉት። አደራ፣ አይወፍር! ወፍራም ቅባት ጭረቱንና ቧጭራውን ይሞላል። አያትዎ ወንበሩ ላይ የተዉት ምልክት እሱ ነውና እሱ ከጠፋ የሚቀርዎት ተራ የጀሶ ብሎክ ነው። የእንጨቱ ቀለም ወይም እድፍ ወደ ጀሶው ከተላለፈም በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉት።

ከዚያ ወንበሩን ገልብጠው ዙሪያውን በአራት ጣውላ ይክበቡ፣ በገመድ ጠፍረው ይሰሩ፣ ክፍተቱን በሸክላ ጭቃ ይድፈኑ። እግሮቹን የሚያያይዝ አግዳሚ ካለው ጀሶው ተቆልፎ ስለሚቀር አስቀድመው በአናጢ ያስፈቱት።

ክብደቱን ብዙ ሰው አያስበውም። ጎኖቹ 40፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ 72 ሊትር ይይዛል፤ በእርጥብ ጀሶ ሲሞላ ከ110 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ያፍስሱ። ሲጠጥር ከየጎኑ 4 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ነጭ ፎም መሐሉ ላይ ያስቀምጡና ዙሪያውን ይሙሉ። ፎሙ እዚያው ይቀራል፤ የሚፈለገው ጀሶም ወደ 30 ሊትር ይወርዳል። ነገር ግን ጀሶው ፎሙን ከ60 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ላይ ሊገፋው ስለሚችል፣ በላዩ ወፍራም ዱላ አጋድመው ከጣውላዎቹ ጋር አጥብቀው ይሰሩት።

ለ10 ኪሎ ጀሶ 7 ሊትር ውሃ ይበቃል። ጀሶውን በውሃው ላይ ይነስንሱ እንጂ ውሃውን በጀሶው ላይ አያፍስሱ፤ ይጓጉላል። ሁለት ደቂቃ ውሃውን ይጠጣ፣ ከዚያ አረፋ እንዳይፈጥር በቀስታ ያማስሉት። ቶሎ ስለሚጠነክር አንድ ሰው እየበጠበጠ ሌላው ያፍስስ፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ መስመር ይተዋል። ሲጠነክር በጣም ስለሚግል እጅዎን አይንከሩ።

ግለቱ ሲበርድ ወንበሩን ከነጀሶው ገልብጠው በእግሮቹ ያቁሙት፣ ጣውላዎቹን ያውጡ፣ ወንበሩንም ቀጥታ ወደ ላይ ይሳቡት፤ አይወዝውዙት። ያኔ ጀሶው ገና እርጥብ ስለሆነ ጥጉ የሚሰበረው በመወዝወዝ ነው። በባልዲው የቀረውን ደግሞ ቧንቧ ውስጥ አይድፉ፤ እዚያው ይጠነክራል።