«ስድብ ግን አልተናገርኩም»

ጥያቄ፦ መምህር፣ በማቴዎስ 5፥22 ወንድሙን «ጨርቃም» ወይም «ደንቆሮ» የሚል ፍርድ ይገባዋል ይላል፤ «ጨርቃም» የሚለውን ሌላ ቦታ «ራቃ» ተብሎ አነበብኩት። ምን ማለት ነው? የምሠራው ፒያሳ ነው። በቀደም የሕንፃችን ጥበቃ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ መታወቂያ ሲጠይቁኝ ረፍዶብኝ ስለነበር «አንተ ደግሞ ማን ነህ!» ብያቸው ገባሁ። ስድብ ግን አልተናገርኩም። ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይቆጠርብሻል።

ራቃ የአራማይክ ቃል ነው፤ «ባዶ፣ የማይረባ» ማለት ነው። ወንጌሉ በግሪክኛ ሲጻፍም እንዳለ ገባ። በአማርኛችን «ጨርቃም» ተባለ፤ ሰውን በልብሱ መናቅ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ የአንጾኪያ ሰው ነውና ሶርያውያን ቃሉን እንዴት እንደሚሉት ያውቃል። ከባድ ስድብ አያደርገውም፤ ሰው አሽከሩን ወይም ዝቅ አድርጎ የሚያየውን «አንተ» እያለ እንደሚያዝዘው ነው ይላል። ያልሽው ይኸንኑ ነው።

ለንስሐ የሚመጡ ብዙዎች የተናገሩትን ስድብ ቆጥረው ይመጣሉ። ያላሉት እንደሆነ ነጻ የወጡ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጌታ ራሱ ፈሪሳውያንን ሲገሥጽ «እናንተ ደንቆሮዎችና ዕውሮች» ብሏል (ማቴ. 23፥17)። ነገሩ የቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልተናገረ። የሚያስፈርደው ወንድምን ከሰው አለመቁጠር ነው፤ ለዚያም ስድብ አያስፈልግም። አስተናጋጇን ቀና ብሎ ሳያዩ ማዘዝ ይበቃል። ታናሽሽን ሥራ አስኪያጅ «እርስዎ»፣ አባትሽን የሚያህሉትን ጥበቃ «አንተ» ማለት ይበቃል። ለእኔ ስትጽፊ «ጠየቁኝ» ብለሻቸዋል፤ ማክበሩን ታውቂበታለሽ ማለት ነው። በር ላይ ሲሆን ለምን ጠፋ? ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በመልካም ስፍራ አስቀምጠው፣ ያደፈ ልብስ የለበሰውን «አንተስ ወደዚያ ቁም» የሚሉትን የሚወቅሰው ስለዚህ ነው (2፥2-3)። እዚያም ስድብ የለም።

ሕሊናሽ ዝም ስላላለሽ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን እዚያው ማቴዎስ 5 ላይ ቁጥር 23 እና 24ን አንብቢ፤ መባው መሠዊያው ፊት ይቆያል፣ ዕርቁ ይቀድማል። ስለዚህ ለንስሐ አባትሽ ከመንገርሽ በፊት ጥበቃው ዘንድ ሂጂ። ነገ ጠዋት ቀደም ብለሽ ድረሺ፣ መታወቂያሽን ሳትጠየቂ አውጪና «አባቴ፣ የዚያን ዕለት አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» በያቸው። «ረፍዶብኝ ነው» የሚለውን አትጨምሪበት። የተናገርሻቸው ሰው እየሰማ ከሆነ ይቅርታውም ሰው እየሰማ ይሁን።