ጥቁሯን ታርጋ እንዳትፈታት

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ በቅርቡ ዐረፉና ባለቤታቸው ቮልሳቸውን ሸጡልኝ። በፈረንጆች የ1967 ሞዴል ናት። ለዓመታት ከጋራዥ አልወጣችም። ታርጋዋ ያ የድሮው ጥቁር ነው፣ ጽሑፉ ቢጫ። ሊብሬው አለ፣ ግን በሟቹ ስም ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ኮምፒዩተር ላይ የለችም፣ ታርጋውን መልሰህ አዲስ ውሰድ» አለኝ። አባቴ አዲስ አበባ የነዱት ቮልስ ነበር፤ ይቺን እንዳለች ነው የምፈልጋት። ምን ላድርግ?
*ከኢንግልውድ፣ ካሊፎርኒያ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ካቻቢቴውን አስቀምጥ። ታርጋውን ለማንም አትስጥ። አንዴ ከመለስከው በኋላ ለማስመለስ ብትሮጥ ድካም ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ መኪና ሲሸጥ ታርጋው ከመኪናው ጋር ይቀራል። መዝገቡ ቢኖር ኖሮ ስም ማዞር ብቻ ነበር የሚቀርህ። «ኮምፒዩተር ላይ የለችም» ማለት ግን ምዝገባዋ ለረጅም ጊዜ ስላልታደሰ ፋይሏ ከሲስተሙ ወጥቷል ማለት ነው እንጂ ታርጋው ሞቷል ማለት አይደለም። ዲኤምቪ፣ ማለትም የካሊፎርኒያ መኪና መዝጋቢው መሥሪያ ቤት፣ ለእንዲህ ዓይነቱ መንገድ አለው። «ይር ኦፍ ማኑፋክቸር» ይሉታል፤ የድሮ መኪና በተሠራበት ዘመን ታርጋ እንዲመዘገብ የሚፈቅድ ነው። ጥቁሩ ታርጋ ከ1963 ጀምሮ ሰማያዊው በ1969 እስኪተካው ድረስ የተሰጠ ስለሆነ ላንተዋ ልክ ነው። ሦስት ፊደል፣ ከዚያ ሦስት ቁጥር መሆኑን እይ። አሁን በየመንገዱ አዲስ ቴስላ ላይ ሳይቀር የምታየው ጥቁር ታርጋ ዲኤምቪ ራሱ የሚሸጠው የድሮው አምሳያ ነው። ያንተው ግን ዋናው ነው።

አንድ ነገር ልብ በል፤ የ1967 ቦሎ ይጠይቁሃል። ታርጋው ጥግ ላይ የተደራረቡትን ቦሎዎች በቢላ እንዳትፍቅ፣ የምትፈልገው ከሥር ሊሆን ይችላል። ከሌለ የድሮ ታርጋ የሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ይገኛል። ታርጋውን በሳሙናና በውሃ እጠበው፣ ይበቃል። ቀለም ቀብተው የሚያብረቀርቁ አሉ፤ እኔ ግን አልወድም።

ከታርጋው በፊት ግን ሊብሬው ይስተካከል። ሴትዮዋ ሬግ 5 የሚባለውን ፎርም ይሙሉ። ፍርድ ቤት ሳይኬድ የሟችን መኪና ማዞሪያ ነው። ከሞቱ 40 ቀን ማለፍ አለበት፣ ልክ እንደኛ ተዝካር። የመጨረሻውን የምዝገባ ወረቀት ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ፈልጉ። ሰውየው «መኪናዋ አትነዳም» ብለው አስመዝግበው ከነበረ ከብዙ ውዝፍ ክፍያ ትድናለህ።

ቀጥሎ የሻንሲ ቁጥር ምርመራ አለ፣ ፎርሙ ሬግ 31 ነው። መርማሪው ሲመጣ እንዳትደናበር፤ የቮልስ ቁጥር የኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ላይ ባለው ጉብታ ብረት ላይ ተመትቷል። ያንተዋ በ117 መጀመር አለባት፤ የመጨረሻዋ 7 ዓመተ ምርቷን ነው የምትናገረው። ኮፈኖውን ከፍተህ ስኮርታ ጎማው ኋላ ያለችውን ትንሽ ፕላካም አስተያይ። ሁለቱ ካልተጣጣሙ ዲኤምቪ ከመሄድህ በፊት ንገረኝ። ወንበሩን ስታነሳ በቀኝ በኩል ባትሪውን ታያለህ። ክዳኑ ከሌለ አስገባለት፤ የወንበሩ ሽቦ ባትሪውን ነክቶ የተቃጠሉ ቮልሶች ብዙ ናቸው።

የጭስ ምርመራ አያስፈልግህም፤ 1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ነፃ ናቸው።

ዲኤምቪ መስኮት ላይ ደግሞ «ሂስቶሪካል ቪሂክል» የሚለውን ታርጋ ውሰድ ሊሉህ ይችላሉ። እምቢ በል። እሱ ለሰልፍና ለኤግዚቢሽን ለሚወጣ መኪና ነው፤ አንተ ቮልሷን በየቀኑ መንዳት ከፈለግህ አይሆንህም። ታርጋዎቹን አሳያቸው፣ ቁጥሩን ይመዝግቡ፣ ይዘሃቸው ተመለስ።