የቮልስ ወለል ሬንጅና የጣሪያ ማስቲሽ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. የ1967 ሥሪት ቮልስ እያደስኩ ነው። የጣሪያው ልብስ ተቀዷል፤ ዙሪያውን የተለጠፈበት ማስቲሽ ላሜራው ላይ ደርቆ ቀርቷል። ወለሉ ላይ ደግሞ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ንጣፍ ተጣብቋል። «በቤንዚን እጠበው» ብለውኛል። ልክ ነው? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ቤንዚኑን ይተዉት። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በር ቢከፍቱለትም ወለሉ ላይ ይተኛል። የቮልስ ባትሪ ያለው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። ከሁሉ በፊት ባትሪውን ያውጡ።

ከወለሉ ይጀምሩ። ሬንጅ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል፤ ስለዚህ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ለአንድ ቀን እንኳ ይጥቀም! መኪናዋን ውጭ ያሳድሯትና ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ንጣፉን በእንጨት መዶሻ መታ መታ እያደረጉ በስፓቱላ ይፈንቅሉት። ስፓቱላውን አስተኝተው ይግፉ፤ ቀና ካለ ላሜራውን ይወጋል። ባትሪው ከተቀመጠበት ሥር ግን ረጋ ይበሉ። እዚያ አሲድ የበላውን ላሜራ አንዳንዴ ይዞት የሚቆየው ሬንጁ ብቻ ነው፤ ሲነሳ መሬቱ ቢታይዎ የብየዳ ሥራ ተጨምሯል ማለት ነው። የድሮ ንጣፎች አንዳንዶቹ አስቤስቶስ ስላለባቸው ደረቁን በግራይንደር አይፍጩ፤ ውሃ እየረጩ ይፋቁ። የቀረውን ቅሪት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ 20 ደቂቃ ያህል ሸፍነው ይጥረጉት፤ በሳሙናም ይጠቡት፤ የጋዙ ቅባት ከቀረ አዲስ ቀለምም ሆነ ማስቲሽ አይዝም። ነጭ ጋዝም ስለሚቀጣጠል በዚያው ዕለት ሙቀት የሚሰጥ ነገር አያስጠጉ።

ጣሪያው ግን ሙቀት ይፈልጋል። የልብሱ ጫፍ ከመስታወቱ ጎማ ሥር ስለሚገባ የፊትና የኋላ መስታወቱን ያስወጡ። ልብሱን የተሸከሙትን ዘንጎች ከፊት ጀምረው 1፣ 2፣ 3 እያሉ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ጉብጠታቸው ስለሚለያይ ከተቀያየሩ አዲሱ ልብስ ይጨማደዳል። አሮጌውንም አይጣሉት፣ ለሰፊው ልክ ማውጫ ነው። ማስቲሹን በፀጉር ማድረቂያ መዳፍ ስታክል ቦታ ብቻ እያሞቁ፣ ሲለሰልስ በፕላስቲክ ስፓቱላ ይላጡት። ቀለሙ ካበጠ ሙቀቱ በዝቷል። በድሪል የሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ማስቲሹን አቅልጦ መልሶ ይቀባዋል እንጂ አያነሳውም። ቲነር ያነሳዋል፤ ቀለሙንም አብሮ ስለሚያነሳ እንደገና በሚቀባ ቦታ ላይ ብቻ፣ በሮቹን ከፍተው ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ አዲስ የበር ልባስ በማስቲሽ ለጥፌ በሳምንቱ አየር ቋጥሮ ተነሳ። ምን አጥፍቼ ነው? (አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ሳይደርቅ ገጥመውት ይሆናል። ማስቲሽ በሁለቱም ፊት በስሱ ተቀብቶ፣ ጣት ሲነኩት የማይለጥፍ እስኪሆን፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። እርጥቡን ከገጠሙት ትነቱ መውጫ አጥቶ ልባሱን ያሳብጠዋል። አሮጌ ማስቲሽ ላይ ደርበውት ከሆነም የለቀቀው የታችኛው ነው፤ እስከ ላሜራው ወይም እስከ ካርቶኑ ድረስ ይፋቁት። ፀሐይ ላይ ተዘግታ የምትውል መኪና ውስጧ እጅግ ስለሚግል፣ ሲገዙ ሙቀት የሚቋቋመውን ይጠይቁ።