መልስ፦ ልጄን ኳስ አስቁሜው ውጤቱ ግን አልተሻሻለም

የትምህርት ውጤቱ እንዲሻሻል ብለሽ ያስቆምሽውን ኳስ መልሺለት። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ቀኑን ሙሉ ዴስክ ላይ ውሎ፣ በባጃጅ ተመልሶ፣ ወዲያው ደብተር ላይ ሲቀመጥ ቢፈዝ ስንፍና አይደለም።

1. መክሰሱን ቀለል አድርጎ ይብላና 20 ወይም 30 ደቂቃ ይሩጥ፣ ኳስ ይምታ። ትንፋሹ ፈጠን ይበል፤ ማውራት እየቻለ መዝፈን ካቃተው በቂ ነው።
2. ታጥቦ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ትንሽ አርፎ የሚከብደውን ትምህርት ያስቀድም። የእኔዋ ልጅ ሒሳብ የምትሠራው ያኔ ነው።

የጅማ ዝናብ ካላስወጣው በረንዳ ላይ ገመድ ይዝለል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በ9 እና በ10 ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆች 20 ደቂቃ ፈጠን ብለው ከተራመዱ በኋላ፣ ተቀምጠው ካረፉበት ጊዜ ይልቅ ትኩረታቸውም አንብቦ መረዳታቸውም ተሽሎ ታይቷል። ጥቂት ልጆች ላይ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ኳስ ብቻውን አንደኛ ያወጣዋል አልልሽም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ አንቺ የቆረጥሽበት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ልጄ እየሮጠችም፣ እየተኛችም ውጤቷ አልነሳ ብሎኝ ነበር። አንድ ማታ ደብተሯን ሳገላብጥ ከሰሌዳ የገለበጠችው 8 ሁሉ 3 ሆኗል። ለካ አይታያትም ኖሮ! መነጽር እስኪደረግላት ድረስ በከንቱ ስቆጣት ከረምኩ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የልጅሽን ዓይን በዚህ ሳምንት አስመርምሪው።