የንግድ ስም እያለኝ የንግድ ምልክት ጥሰሻል ተባልኩ

ጥያቄ፦ «ሰናይ ቡና» ብዬ ቆልቼ፣ ፈጭቼና አሽጌ እሸጣለሁ። ንግድ ፈቃዴም የንግድ ስሜም በዚሁ ነው። ሰሞኑን ከአንድ ጠበቃ ደብዳቤ መጣልኝ፤ «‹ሠናይ› የደንበኛዬ የተመዘገበ ምልክት ስለሆነ ምርትዎን ከገበያ ይሰብስቡ፣ ካሳም ይክፈሉ» ይላል። የእኔ በእሳቱ «ሰ» ነው፣ የእነሱ በንጉሡ «ሠ»። ምን ይሻለኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በፊደሉ አይመኩ። ሱቅ ገብቶ «ሰናይ ስጠኝ» ለሚል ገዢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በላቲን ፊደል ቢጻፍም ያው ነው። የንግድ ስምም አያድንዎትም። እሱ የሚመዘገበው ነጋዴውን ለመለየት ነው። እሽጉ ላይ ላለው ምልክት ባለቤት የሚያደርገው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ነው። ብዙ ነጋዴ የሚጎዳው ይህን ሳያውቅ ነው።

ይሁንና ደብዳቤው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። ይቅርታም ሆነ ግዴታ ከመፈረምዎ በፊት የምስክር ወረቀቱን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሲደርስዎ ምድቡን (ምልክቱ የተመዘገበለትን የዕቃ ወይም የአገልግሎት ዓይነት ቁጥር) ይዩ፤ የተቆላ ቡና 30 ነው፣ የካፌ አገልግሎት 43። ምልክቱ ለልብስ ብቻ ተመዝግቦ ከሆነ ክርክርዎ ይጠነክራል፤ ግን ሕዝብን የሚያሳስት ከሆነ ሕጉ በሌላ ዕቃ ላይም ይከለክላል። ቀጥሎ ዘመኑን ያጣሩ፤ ጥበቃው ከማመልከቻው ቀን አንስቶ 7 ዓመት ነው፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ለ3 ተከታታይ ዓመት ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት ደግሞ እንዲሰረዝ መጠየቅ ይቻላል።

እስከዚያው አዲስ እሽግ አያሳትሙ። ዝም ማለት ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ ከማስጠንቀቂያው በኋላ እየሸጡ «አላወቅሁም» ማለት አይቻልም፣ ሆን ብሎ መጣስ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ካሳው ካገኙት የተጣራ ትርፍ ሊሰላ ስለሚችል የሽያጭና የወጪ ደረሰኞችዎን በየቀኑ ለይተው ይያዙ። ምስክር ወረቀቱ የጸና፣ ምድቡም 30 ከሆነ ክርክሩን አይግፉበት። ያለውን እሽግ የሚጨርሱበት ጊዜ በጽሑፍ ተደራድረው ስሙን ይቀይሩ፤ አዲሱን ስም ለዲዛይነር ከመስጠትዎ በፊት በባለሥልጣኑ መዝገብ መኖር አለመኖሩን ያጣሩ።

ጥያቄ፦ እሽጉ ላይ «ይርጋጨፌ» ብዬ መጻፍስ?

መልስ፦ ቡናው በእርግጥ ከዚያ ከሆነ መነሻውን በቅን ልቦና መግለጽ አገር ውስጥ አይከለከልም። ወደ አሜሪካ የሚልኩ ከሆነ ግን ስሙን የኢትዮጵያ መንግሥት እዚያ በንግድ ምልክትነት አስመዝግቦታል፤ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስም እ.ኤ.አ. በ2007 ስምምነት የፈረመው በዚሁ ነው። ተቀባይዎ የመጠቀሚያ ፈቃድ እንዳለው ከመላክዎ በፊት ይጠይቁት።