አስተርጓሚዬ የ13 ዓመት ልጄ ነበር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሌሊት እነዳለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ባለቤቴም ነርሲንግ ሆም ነው የምትሠራው። ትልቁ ልጃችን 13 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ወረቀትም ኢሜይልም የሚያነብልን እሱ ነበር። «ምን ይላል?» ስለው «ምንም፣ ፎቶ የሚነሱበት ቀን ነው» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት በአማርኛ ደወለችልኝና ልጅዎ ዘንድሮ ጠዋት ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 14 ቀን ቀርቷል አለችኝ። አንድም መልእክት አልደረሰኝም ብዬ ጮህኩባት። ለካ ሲላክ ነው የከረመው፣ ለልጁ ስልክ። ልጁን ልቅጣው ወይስ ትምህርት ቤቱን ልክሰስ? — የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉት። የደወለችልዎትንም ሴት ይቅርታ ይጠይቋት። እኔም የትምህርት ቤት አስተርጓሚ ሆኜ በእሷ ወንበር ላይ 11 ዓመት ተቀምጫለሁ። ሰው የሚጮኸው ዜናውን ባመጣው ላይ ነው፣ አውቀዋለሁ።

እንዴት እንደሆነ ልገምት። መስከረም ላይ የወላጅ አካውንት፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ መልእክት በስልክና በኢሜይል የሚደርስበት፣ መክፈቻ ኮድ ያለበት ደብዳቤ መጣ። እርስዎ ደክሞዎት ነበር። «እስቲ ይቺን ነገር ክፈትልኝ» አሉት። ልጁም ከፈተው። ኢሜይል ሲጠይቀው የራሱን አስገባ፣ ስልክ ሲጠይቀውም የራሱን። ያኔ ተንኮል ላይሆን ይችላል፤ በቃሉ የሚያውቀው የራሱን ነው። ተንኮሉ የመጣው በኋላ፣ የመጀመሪያው «ልጅዎ ዛሬ ቀርቷል» የሚለው ቴክስት እራሱ ኪስ ውስጥ ሲጮኽ ነው። 13 ዓመት ሆኖ ያንን ይዞ ወደ አባቱ የሚሮጥ ልጅ ካለ አሳዩኝ።

ስለዚህ መታወቂያዎን ይዘው ራስዎ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ይሂዱ፤ ልጁን አይላኩት። በስምዎ የተመዘገበውን ስልክና ኢሜይል ስክሪኑን አዙረው ያሳዩዎት። የድሮ ስልክ ቁጥር ካለ ያስጠፉት። አዲስ ኮድ ይጠይቁና ገና እዚያው ቆመው ሳለ በራስዎ ስልክ ይክፈቱት። የባለቤትዎንም ለብቻ ያስከፍቱ፤ አንድ አካውንት ለሁለት ሰው አይበቃም።

አንድ ነገር ደግሞ ያስፈትሹ፣ ቋንቋውን። ልጅ ሲመዘገብ «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» የሚል ፎርም አለ። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ «እንግሊዝኛ» ብለን ጽፈናል። ለምን? ልጁ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ክፍል እንዳይገባብን። ያንን ፈርተን ራሳችንን ከአማርኛው መልእክት አስወጣን። ፍርሃቱም አያስፈልግም ነበር፤ በፌደራሉ ሕግ ትምህርት ቤቱ ልጁን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ ካስገባ ለወላጅ ማሳወቅ አለበት፣ ወላጅም አልፈልግም ማለት ይችላል። በብዙ ዲስትሪክቶች (የአካባቢው የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ማለት ነው) ደግሞ «በምን ቋንቋ እንጻፍልዎ?» የሚል የተለየ ቦታ አለ። እዚያ ላይ አማርኛ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ።

ወደ አስተርጓሚው እንምጣ። ነጻ ነው። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምክንያት እንግሊዝኛ የማይቀናውን ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት። ዲሲ የሚኖሩ አንባቢዎቼ ከዚህም የተሻለ ነገር አላቸው። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ሲደውሉ እንግሊዝኛዎን አያስጨንቁት። «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር፣ ፕሊስ» ይበሉና ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ። ሦስተኛ ሰው መስመሩ ውስጥ ይገባል። «ኢትዮፒያን» ግን አይበሉ። እንደዚያ ብለው ትግርኛ ተናጋሪ የመጣላቸው ሰው አጋጥሞኛል፤ ሁለቱም ተሳስቀው ዘጉ።

ከመምህሩ ጋር ቀጠሮ ሲይዙ ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቁ። የተለመደው 15 ደቂቃ ነው። በአስተርጓሚ ሲሆን እያንዳንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ይባላል፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ደወሉ ይደወላል። ሰዓቱንም በፈረንጅ ይሁን በአበሻ ያረጋግጡ። ሦስት ሰዓት ተብላ በጠዋት በር ላይ የቆመች እናት አውቃለሁ። ቀጠሮዋ ከሰዓት በኋላ ነበር።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ወረቀቱን ልጅዎ እንዲያነብ የተዉት ጊዜ ስላጣችሁ ብቻ አይመስለኝም። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አገር ቤት ትምህርት ቤት ወላጅን የሚጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው። «ወላጅ አምጣ!» ከተባልክ አለቀልህ፤ ጎረቤት ለምነህ አጎቴ ነው ብለህ ትወስዳለህ። አባቴ እኔን ያስመዘገበኝ ቀን መምህሩን ጎንበስ ብሎ «ከእንግዲህ ልጅዎ ናት» አለና ሄደ። ሁለተኛ አልረገጠም። ያ በእኛ ቤት አክብሮት ነው፤ በሰው ሥራ አለመግባት።

እዚህ መጥቼ ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ በኅዳር የወላጅና የመምህር ቀጠሮ የሚል ወረቀት መጣ። ምን አጠፋች ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ስላፈርኩም አልሄድኩም። መምህሯ የጠራችኝ ልጅቷ ጎበዝ አንባቢ ስለሆነች ነበር። ይህን ያወቅኩት በሚያዝያ ነው። እስከዚያ ድረስ በመምህሯ ዓይን «የማይገዳቸው ቤተሰብ» ነበርን። እኛ ዝም ስንል አከበርናቸው ብለን ነው፤ እነሱ ደግሞ ዝምታውን ግድ የለሽነት ብለው ያነቡታል። ሥራዬ ግማሹ ይቺን ዝምታ መተርጎም ነበር።

ስለ 14ቱ ቀን፦ በአብዛኛው አሜሪካ ከትምህርት ቀኑ አሥር በመቶ የቀረ ልጅ ሥር የሰደደ ቀሪ ይባላል። የዓመቱ ትምህርት 180 ቀን ከሆነ 18 ቀን ማለት ነው። የእርስዎ ልጅ የቀረው አንድ ክፍለ ጊዜ ስለሆነ አቆጣጠሩ ሊለይ ይችላል፤ የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ካውንስለሩን፣ ይጠይቁ። ደግሞም ለምን የመጀመሪያው ብቻ? እንቅልፍ ነው፣ አውቶብስ ነው፣ ወይስ የሚፈራው ልጅ አለ? ይህንን ከቁጣ በፊት ነው የሚጠይቁት። ከዚያ ልጁን ከአስተርጓሚነት ሥራው ያሰናብቱት። ደመወዝም አልነበረው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ጠርቶኝ ልጁን ለልዩ ፍላጎት ትምህርት እንመርምረው አሉኝ። ስድስት ሆነው ተቀምጠው ነበር። ደንግጬ እሺ፣ እሺ አልኩና ፈረምኩ። አሁን ዘመዶቼ ልጅሽን ዘገምተኛ ሊሉብሽ ነው እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ። — እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ የፈረምሽው ምን እንደሆነ እንይ። በስብሰባው ተገኝቻለሁ የሚል ወረቀትም ይፈረማል፣ ልጄን መርምሩ የሚልም ይፈረማል። ቅጂውን ጠይቂ። የልዩ ትምህርት ሕጉ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ልጅን ለመጀመሪያ ጊዜ መመርመር አይፈቅድም። ፈቅደሽ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ማንሳት ትችያለሽ።

ግን ቸኩለሽ አታንሺ። ምርመራ ስም መለጠፍ አይደለም። ሕጉ ራሱ የልጁ ችግር እንግሊዝኛ አለመቻል ብቻ ከሆነ ልዩ ትምህርት ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ ለመርማሪዋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚናገር፣ በአማርኛ ተረት ሲነገረው ይከተል እንደሆነ ንገሪያት። ይህን ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። ከፈቃድሽ በኋላ ምርመራው በ60 ቀን ያልቃል ይላል የፌደራሉ ደንብ፤ ስቴቶች ግን የራሳቸውን ቀን ማውጣት ይችላሉ። በእኔ ዕይታ ቶሎ ከተመረመሩት ይልቅ «ትንሽ ይደግ» እየተባለ አምስተኛ ክፍል የደረሱት ናቸው የተጎዱት። ዘመድ ይናገራል፣ የቤት ሥራ የምትሠሪው ግን አንቺ ነሽ።

በሚቀጥለው ስብሰባ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ወረቀቶቹንም ቀደም ብለው በአማርኛ እንዲልኩልሽ ጠይቂ።

«እሺ» የምትባለው ቃል ደግሞ ስንቱን አስፈረመች መሰለሽ። ለእኛ ሰማሁ ማለትም ናት፣ ተስማማሁ ማለትም ናት፣ አንዳንዴም እባካችሁ ቶሎ ልውጣ ማለት ናት። እናት «እሺ» ስትል ስድስቱም ሰዎች ወደ እኔ ይዞራሉ። ምን ብዬ ልተርጉመው? በኋላ በኋላ ቆም ብዬ «ገባኝ ነው ወይስ ተስማማሁ?» ብዬ እናትየዋን መጠየቅ ጀመርኩ። አንቺም ለራስሽ ጠይቂ። «ቤት ሄጄ ላስብበት» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይቆጣሽም።

ጥያቄ፦ ፒቲኤ (የወላጆችና የመምህራን ማኅበር) ግቢ እያሉ ይጨቀጭቁኛል። አንዴ ሄድኩ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ኬክ ሽያጭ አወሩ። ለእኛ ይሆናል?

መልስ፦ ኬኩ ካሰለቸሽ አልፈርድብሽም። ማኅበሩ ግን የተነሳው ከኬክ አይደለም። በ1897 ዋሽንግተን ከተማ በተሰበሰቡ እናቶች ነው የተጀመረው፣ ስለ ልጆች ጤናና ትምህርት እንነጋገር ብለው። አባል ሆነሽ ዝም ማለትም ትችያለሽ።

ጊዜሽ አንድ ምሽት ብቻ ከሆነ ግን እኔ የምልክሽ ወደ ሌላ ቦታ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ታይትል ዋን የሚባለውን፣ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሱ የወላጆች ስብሰባ መጥራት አለበት። ዲስትሪክቱ ከ500,000 ዶላር በላይ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ በመቶውን ቤተሰብን ለማሳተፍ ማስቀመጥ አለበት፣ አጠቃቀሙ ላይም የወላጅ ድምፅ መኖር አለበት። እጅሽን አውጪና «ያ ገንዘብ ዘንድሮ በምን ላይ ዋለ?» በይ። ለአማርኛ ትርጉም፣ ለማታ ስብሰባ ሕፃን ጠባቂ፣ ለታክሲ ሊውል ይችላል። ብቻሽን አትሂጂ፤ ሦስት እናት ሆናችሁ ሂዱ። አንዷ ስትጠይቅ ያስታውሱታል፣ ሦስት ሲጠይቁ ይጽፉታል።

ጥያቄ፦ «ልጅዎ ሐሙስ ቀደም ብሎ ይፈታል» የሚል ቴክስት በአማርኛ ደረሰኝ። ልጄ ምን አድርጎ ነው? ደግሞም በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይልካሉ፤ ቁጥሩን ብሎክ ላድርገው?

መልስ፦ ሳቅሽብኝ አትበይኝ፣ እኔንም አንዴ አስደንግጦኛል። ልጅሽ አልታሰረም። ሐሙስ ትምህርት ከወትሮው ቀደም ብሎ ያልቃል ማለታቸው ነው፤ ማሽን ተርጉሞት ነው። የእንግሊዝኛውንም አብረው እንዲልኩልሽ ጠይቂ፤ ግራ የገባሽን ለሰው ታሳዪበታለሽ።

ብሎክ ግን እንዳታደርጊ። ብዙ ጊዜ የቀሪውም፣ የበረዶውም፣ የአደጋውም ጥሪ የሚመጣው ከዚያው ቁጥር ነው። አካውንትሽ ውስጥ የመልእክት ምርጫ የሚል ቦታ ካለ የዝግጅትና የገንዘብ ማሰባሰቢያውን አጥፊና የቀሪውንና የአደጋውን ተዪ። ሐሙስ ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ደግሞ ዛሬውኑ ደውለሽ ጠይቂ። ቴክስቱ እሱን አልጻፈልሽም።